ጀልባ ላይ መደብሽኝ

እትዬ ዘርፈሽ ሲደውሉ ቤርሳቤህ ቡኮቶ ገበያ አጠገብ ባለ ማተሚያ ቤት ውስጥ ቆማ፣ ለበጎ ፈቃደኞች የታተሙትን ቢጫ ሰደርያዎች ካርቶን ውስጥ ትጠቀጥቅ ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ አምስት ሆኗል። የካምፓላ ኢትዮጵያውያን ዓመታዊ በዓል ሉዚራ ሐይቅ ዳር ተጀምሯል። የዘገዩት እነዚህ ሰደርያዎች ብቻ ናቸው፤ እሷም ይዛቸው ልትበር ጥቂት ቀርቷታል።

«ልጄ፣ ምን በደልኩሽ?» አሉ እትዬ ዘርፈሽ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ። ካባላጋላ ውስጥ ምግብ ቤት ያላቸው፣ ሳቃቸው ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሴት ናቸው። ዛሬ ግን ድምፃቸው ሰልሏል።

«ምን ሆኑ እትዬ?»

«ጀልባ ላይ መደብሽኛ። ያን የኢንተርኔት ጥያቄሽን አስተናጋጄ ነጻነት እያነበበችልኝ አንድም ሳላስቀር ነው የመለስኩት። ውሃ ይፈራሉ ወይ ሲል፣ በጣም ብዬ አምስት በይው አልኳት። እኔ እኮ ልጄ ባልዲ ሲሞላ እንኳ ዐይኔን የምጨፍን ሰው ነኝ። አሁን በሁለተኛው ጀልባ ይሄዳሉ ብለው ሐይቁ አፍ ላይ አቁመውኛል።»

ቤርሳቤህ ሳቀች። ልታጽናናቸውም አፏን ከፈተች። ከዚያ ያሉትን ደግማ አሰበችው።

አምስት ነው ያሉት።

ኮምፒውተሯን ከቦርሳዋ አውጥታ የማተሚያ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ዘረጋችው። ፈተናውን ያዘጋጀችው ራሷ ናት። አርባ አረፍተ ነገሮች አሉት፤ «ሕዝብ ሲበዛ አልደነግጥም»፣ «የሚያለቅስ ልጅ ሳባብል አልሰለችም» የሚሉ ዓይነት። ተፈታኙ ለእያንዳንዱ ከአንድ እስከ አምስት ይሰጣል፤ ማሽኑ ይደምርና ከፍ ያለ ነጥብ ያገኘውን ሰው ለሚስማማው ሥራ ይመድበዋል። «ውሃ ያስፈራኛል» የሚለው ግን ተገልብጦ መቆጠር ነበረበት። አምስት ያለው ሰው አንድ፣ አንድ ያለው ደግሞ አምስት ሊያዝለት።

ያን አንድ መስመር አልገለበጠችውም።

ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየችው። የጀልባው ቡድን አሥራ ሁለት ሰው ነው፤ አሥራ ሁለቱም አምስት ብለዋል። ካምፓላ ካሉት ሐበሾች ሁሉ ውሃን አብልጠው የሚፈሩትን አንድ በአንድ ለቅማ ሐይቅ ላይ ልካቸዋለች።

«እትዬ፣ እንዳይሳፈሩ። ማንም እንዳይሳፈር በሉልኝ» አለች። «የመጀመሪያው ጀልባ ሄደ?»

«እሱማ ሦስት ሰዓት ላይ ሄደ። ልጆቹን ደሴቷ ድረስ ይዟቸው።»

በመጀመሪያው ጀልባ ላይ ሁለት በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ ቁጥር አሥራ ሁለትና ቁጥር አርባ ሰባት። ቁጥር አርባ ሰባትን ስታይ እጇ ከኮምፒውተሩ ላይ ተነሣ።

ታውቀዋለች። ስሙን አይደለም፤ ስም እንዳይታይ አድርጋ የሠራችው ራሷ ናት። የምታውቀው ጽሑፉን ነው። ከፈተናው መጨረሻ ላይ «በፍጹም ሊሰጠኝ የማልፈልገው ሥራ ካለ ከነምክንያቱ» የሚል ባዶ ቦታ ነበር። ብዙዎቹ «ዕቃ ማጠብ» ብለው ቀልደውበት አልፈዋል። ቁጥር አርባ ሰባት ግን እንዲህ ጽፏል፦ «ውሃ አጠገብ ካልሆነ የትም አድርጉኝ። እህቴ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ባቱ ሐይቅ ላይ ጀልባ ተገልብጦ እጇ ከእጄ አመለጠ። እኔ ወጣሁ።»

ይህን ያነበበች ዕለት መኝታ ቤቷ ውስጥ ብቻዋን አልቅሳለች። ከዚያም ለውሃ ፍርሃቱ አምስት መስጠቱን አይታ፣ ቁጥሩ ይጠብቀዋል ብላ አምና ገጹን ዘጋችው።

አሁን የስሞቹን ዝርዝር ከፈተች። ጣቷ ሁለት ጊዜ ሳተ። አርባ ሰባት ላይ ስትደርስ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ የነበረው የማሽን ጩኸት ሁሉ ከጆሮዋ ጠፋ።

ፈይሳ ቱፋ።

*

ሰደርያዎቹን እዚያው ትታቸው ወጣች። ያገኘችውን ቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ሳይክል፣ አስቁማ ከኋላው ተፈናጠጠች፤ «ሉዚራ፣ ሐይቁ ዳር፣ ቶሎ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም። የፈይሳ ስልክ ዝግ ነው። ደግማ ሞከረች። ሦስተኛ ሞከረች። የንቲንዳን መንገድ ሲይዙ ከፊታቸው ያለው ሰማይ በሐይቁ በኩል እንደ ከሰል ጠቁሮ ታያት።

ፈይሳ ናኪቩቦ አጠገብ ካለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ስልክ ይጠግናል። ካምፓላ የመጣው በስደት ነው፤ ከወረቀቱ በቀር የሚያሳየው ነገር የለውም። እሷ የአቶ ሙሉነህ ልጅ ናት። አባቷ ከሃያ አምስት ዓመት በፊት አንድ ሻንጣ ይዘው መጥተው ዛሬ የመኪና መለዋወጫ አስመጪ፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ሙቱንጎ ኮረብታ ላይ ቪላ ያላቸው ሰው ናቸው። ስልኳ ወድቆ ተሰብሮ ወደዚያች ሱቅ ከገባች አንድ ዓመት አለፈ። ስልኩ ከተሠራ በኋላም መመላለሷን አልተወችም። እሱ ሥራውን ሳያቋርጥ ኦሮምኛ ያስተምራታል፤ ስትሳሳት አይስቅም፤ ቀና ብሎ ያያትና እንደገና ያሰማታል። ያ አተያዩ ሌት ተቀን ይከተላት ነበር። ላባቷ ግን አንድም ቀን ስሙን አንስታ አታውቅም።

ያን ፈተና ያዘጋጀችውም በከፊል ለሱ ብላ ነው። በየዓመቱ የሀብታም ልጆች መድረክ ላይ ይመደባሉ፣ ስደተኞቹ ድስት ያጥባሉ። «ዘንድሮ ስም አይታይም፤ ሰው በሚችለው ይመደባል» ስትል የኮሚቴው ሰዎች አጉረመረሙ። አባቷም ቅር እያላቸው ተቀበሉ። እሷ በልቧ፣ ፈይሳ ምን እንደሆነ አንድ ቀን ሁሉም ያያል ትል ነበር።

ከሁለት ሳምንት በፊት ግን ራሷ አፈረሰችው። ፈይሳ ሊጠይቃት የአባቷ መለዋወጫ መደብር ድረስ መጣ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ ፀጉሩን ተቆርጧል። አቶ ሙሉነህ ከእግር እስከ ራሱ አዩትና፣ «ይሄ ልጅ ማነው?» አሏት። እሷም «ስልክ የሚሠራልኝ ልጅ ነው አባዬ» አለች።

ፈይሳ ዐይኗን አንድ ጊዜ አይቶ፣ «ደህና ዋሉ ጋሼ» ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም። ሐሙስ ዕለት የሥራ ባልደረባው ያብስራ አንድ ፖስታ አምጥቶ ሰጣት። የስንብት ደብዳቤ ነው ብላ አልከፈተችውም። ካልተከፈተ ገና አላበቃም ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ትዞር ነበር።

ናካዋ ላይ መኪናው ተዘጋግቶ ቦዳው ሲቆም አወጣችው። ፖስታውን በጥርሷ ቀደደችው።

«ቤርሲ፣

ሰኞ ዕለት መልእክቱ ደረሰኝ። ‹የተመደቡበት ቦታ፦ ጀልባ። ከአክብሮት ጋር፣ ቤርሳቤህ ሙሉነህ› ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ስለ እህቴ ስለ ቦንቱ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለናቴ እንኳ እጇ እንዴት እንዳመለጠኝ አልነገርኳትም። ላንቺ በአፌ ልነግርሽ ብዙ ቀን ሞክሬ ስላቃተኝ ቅጹ ላይ ጻፍኩት፤ አንቺ ታነቢዋለሽ ብዬ። ከዚያ በኋላ በተገናኘን ቁጥር ዐይን ዐይንሽን አይ ነበር። አንድ ቃል አላልሽም።

መጀመሪያ ተናደድኩ። በማግስቱ ፈራሁ። ዛሬ ግን እንዲህ አልኩ፤ ይህች ልጅ የሁላችንንም ልብ አንብባ ነው የመደበችን። እኔን ጀልባ ላይ መደብሽኝ፤ እንግዲህ ወይ እኔ የማላየውን ነገር አይተሽብኛል፣ ወይ ሂድልኝ ማለትሽ ነው። የትኛው እንደሆነ አላውቅም። የትኛውም ቢሆን እሄዳለሁ።

ከተመለስኩ ንገሪኝ።

ፈይሳ»

ወረቀቱ ላይ ጠብታ ወደቀ። እንባዋ መሰላት፤ ዝናብ ነበር።

«ኛቦ፣ እመቤቴ፣ ከባድ ዝናብ እየመጣ ነው። እንጠለል?» አላት ባለቦዳው አንገቱን አዙሮ።

«አትቁም» አለችው። «እባክህ፣ ምንም ቢሆን አትቁም።» ጃኬቱን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ ፊቷን ጀርባው ላይ ደፋች። የማታውቀው ሰው ጀርባ ላይ፣ የምታውቀውን ጸሎት ሁሉ ጀመረች፤ አንዱንም መጨረስ አልሆነላትም።

*

ሐይቁ ዳር ስትደርስ ነፋሱ ድንኳኖቹን እየገለበ፣ ሰዉ ወንበር ተሸክሞ ይሯሯጣል። ሙዚቃው ቆሟል። አቶ ሙሉነህ የሊቀመንበርነት ባጃቸውን ሱፋቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ የድንጋዩ መውረጃ ጫፍ ላይ ቆመው ውሃውን ያያሉ። ውሃው ጠዋት የነበረው ሰማያዊ ውሃ አይደለም፤ ቡናማ ሆኖ ይገላበጣል።

«ሰደርያዎቹስ?» አሏት።

«አባዬ፣ የመጀመሪያው ጀልባ የት ነው?»

«ደመናውን አይተው ልጆቹን ይዘው ሊመለሱ አራት ሰዓት ላይ ከደሴቷ ተነሥተዋል።» ሰዓታቸውን አዩ። «ሃያ አምስት ደቂቃ ሆኗቸዋል። መንገዱ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው።»

«ስንት ሰው ነው?»

«ሃያ። ስምንቱ ሕፃናት ናቸው። አትፍሪ፤ ሁሉም የመንሳፈፊያ ሰደርያ አድርገዋል። ደግሞ አንቺ የመረጥሻቸው ዋናተኞች አብረዋቸው አሉ።»

አባቷን በክንዳቸው ያዘቻቸው።

«ዋናተኛ የለም አባዬ። ተሳስቻለሁ። አንድ ጥያቄ ገልብጬ መቁጠር ሲገባኝ ሳልገለብጠው ቀርቻለሁ። ጀልባው ላይ ያሉት ውሃ የሚፈሩት ሰዎች ናቸው።»

አቶ ሙሉነህ ፊታቸው ተለዋወጠ። ወደ ግራ ወደ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይህን ለኔ ነግረሽኛል፤ በቃ። ወላጆች እዚህ ቆመዋል። እኔ ደግሞ የሠለጠኑ ሰዎች አሉ ብዬ በማይክሮፎን ተናግሬያለሁ።»

«ዓሣ አጥማጆቹ ለምን አይወጡም? ያን የሚያህል ጀልባ አላቸው።»

«ጠየቅናቸው። ዋናተኞች ካሉበት ነፋሱ እስኪበርድ ይጠብቅ አሉ። እነሱም ነፍስ አላቸው።»

ቤርሳቤህ የአባቷን ክንድ ለቀቀች። ከዛፉ ሥር ወደ ተሰበሰቡት ዓሣ አጥማጆች ሄደች። አለቃቸው ሴቡንያ የሚባል ሽበታም ሰው ነው። ብዙ ወላጆችም እዚያው እየለመኑት ነበር። ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ በእንግሊዝኛ ነገረችው፤ ጀልባው ላይ አንድም ዋናተኛ እንደሌለ፣ መርጣ የላከቻቸው እሷ እንደሆነች፣ ስሕተቱ የሷ ብቻ መሆኑን። አንዱን ልጅ እህቱ ውሃ ላይ ሞታበት እያነበበች እንደላከችውም ነገረችው።

ሴቡንያ ለሁለቱ ሰዎቹ በሉጋንዳ አንድ ነገር ተናግሮ ነዳጁን ማንሣት ጀመረ።

ዘወር ስትል አባቷ ከኋላዋ ቆመዋል። ሁሉን ሰምተዋል።

«ማነው እሱ?» አሏት። «ያ ልጅ ማነው?»

ሰው ሁሉ ያያታል። ከዝናቡ ይልቅ የዐይኑ ብዛት ከበዳት። ለሁለት ሳምንት ያሳፈራት ጥያቄ ያው ነው፤ ፍርሃቷም ያው ነው፤ ምላሷ እንደዚያን ቀኑ ሊጣበቅ ምንም አልቀረው።

«የምወደው ሰው ነው አባዬ» አለች። «ፈይሳ ነው። ያኔ ዋሽቼሃለሁ።»

አቶ ሙሉነህ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ። ቤርሳቤህ ያን ፊት ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ እናቷ ያረፉ ዕለት እንኳ እንዲህ ተዘግቶ አላየችውም።

*

ዝናቡ ሐይቁን ሸፈነው። የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ ገብቶ ከዐይን ከተሰወረ በኋላ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ግራጫ ግድግዳ ብቻ። እትዬ ዘርፈሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ድንጋይ ላይ ተንበርክከዋል። አቶ ሙሉነህ ሱፋቸው በስብሶ ሰውነታቸው ላይ ተለጥፎ እንደ ችካል ቆመዋል።

አንዲት ወጣት እናት ሰዉን እየገፋች መጣች። ሄቨን ትባላለች፤ ሁለቱም ወንዶች ልጆቿ ጀልባው ላይ ናቸው።

«አንቺ ነሽ?» አለቻት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

ቤርሳቤህ በጥፊ እንድትመታት ጠበቀች፤ እንዲያውም ፈለገች። ሄቨን ግን አልመታቻትም። የእጇን አንጓ ይዛ አጠገቧ ቆመች። ለፍቅር አይደለም፣ ለይቅርታም አይደለም፤ የምትይዘው ነገር አጥታ ነው። ጥፍሯ ሥጋ ውስጥ ገባ። ቤርሳቤህ እጇን አልሳበችም። ያ ሕመም ባይኖር ኖሮ ወደ ውሃው የምትገባ መሰላት።

ምን እያደረገ ነው አሁን? ይህን ብቻ ነበር የምታስበው። ሞገዱ ሲያነሣው ያኔ የሆነውን ያይ ይሆን? የኔን ስም ይጠራ ይሆን? ወይስ ይረግመኝ ይሆን? ይርገመኝ፣ አለች በልቧ። ይርገመኝ፣ ግን በሕይወት ይርገመኝ።

አምስት ሰዓት አለፈ። አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ከግራጫው ውስጥ በመጀመሪያ የመጣው የሞተር ድምፅ ነው። ሰው ሁሉ ጆሮው እንዳያታልለው ፈራ። ከዚያ የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ ታየ። ከኋላው በገመድ የታሰረ ሌላ ጀልባ ይጎትታል። ሄቨን እጇን ለቀቀቻትና ሮጠች።

ልጆቹ እየታቀፉ ይወርዱ ጀመር። ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል፣ ሁሉም ያለቅሳሉ። የልጆች ልቅሶ እንዲህ ደስ ሲል ቤርሳቤህ ሰምታ አታውቅም። ቁጥር አሥራ ሁለት የነበሩት አዛውንቱ መምህር መርዕድ በሁለት ሰው ተደግፈው ወጡ። «ሞተሩ መሐል ላይ ጠፋብን» እያሉ ያገኙትን ሁሉ እጅ ይጨብጣሉ።

ፈይሳ አልወረደም።

ጀልባው ኋላ ላይ ተቀምጧል። ግራ እጁ የጀልባውን ጠርዝ እንደጨበጠ ነው። ዐይኑ ተከፍቷል፣ ግን የሚያይ አይመስልም። አንድ ዓሣ አጥማጅ ትከሻውን ቢነቀንቀው አልተንቀሳቀሰም። ቤርሳቤህ ጫማዋን ሳታወልቅ ውሃ ውስጥ ገባች። ወገቧ ድረስ ሲደርስ ጠርዙን ይዛ ፊቱ አጠገብ ቆመች።

«ፈይሳ፣ ደርሰሃል። እጅህን ልቀቀው።»

ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ጠጋ ብላ አዳመጠችው። በኦሮምኛ ይቆጥራል። «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ…» ሰዴት ሲደርስ እንደገና ከቶኮ ይጀምራል። ስምንት። ልጆቹን ነው የሚቆጥረው፤ መንገዱን ሁሉ ሲቆጥራቸው ነው የመጣው።

«ሁሉም ወርደዋል» አለችው።

«ቁጠሪያቸው» አለ። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። «እኔ ራሴን አላምንም። አንቺ ቁጠሪያቸው።»

ወደ ዳርቻው ዞረች። ልጆቹ በየእናቶቻቸው ነጠላ ውስጥ ተጠቅልለዋል። አንድ በአንድ እየፈለገች፣ ጮክ ብላ፣ እሱ ባስተማራት ኦሮምኛ ቆጠረችለት። «ቶኮ። ለማ። ሰዲ። አፉር።» አምስተኛው ከእትዬ ዘርፈሽ ጉያ ነው። ስድስተኛና ሰባተኛው የሄቨን ልጆች ናቸው። ስምንተኛውን አጣችው። እንደገና ዐይኗን አዞረች፤ አንዲት ትንሽ ልጅ የአቶ ሙሉነህ ሱፍ ተጥሎባት፣ ክንዳቸው ላይ ተቀምጣ ትንሰቀሰቃለች።

«ሰዴት» አለች። «ሰዴት፣ ፈይሳ። ሁሉም አሉ።»

የእጁ ጣቶች ተከፈቱ።

*

የሕክምናው ድንኳን ውስጥ ፈይሳ ሁለት ብርድ ልብስ ደርበውበት ተቀምጧል። ሐኪሟ ልቡም ሳንባውም ደህና ነው ብላ ወደ ልጆቹ ሄዳለች። ዝናቡ አባርቶ ከድንኳኑ ጠርዝ ጠብታው ብቻ ይሰማል። ቤርሳቤህ ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ቀሚሷ ሐይቅ ሐይቅ ይሸታል።

«ደብዳቤዬን አነበብሽው?» አላት።

«ዛሬ። መንገድ ላይ።»

«እና የትኛው ነው?»

ልትዋሸው ትችል ነበር። «አምኜብህ ነው» ብትለው ይህ የፈራ ፊት እንደሚበራ ታውቃለች። አፏ ድረስ መጣ። ግን አንድ ጊዜ ዋሽታ ያየችው በቂ ነበር።

«አንዱም አይደለም» አለችው። «ስሕተት ነው። የውሃውን ጥያቄ ማሽኑ ውስጥ ስከትት ሳልገለብጠው ቀረሁ። የምትፈሩትን ሁሉ ጀልባ ላይ ጣልኳችሁ።»

ፈይሳ ግራ እጁን ይመለከት ጀመር።

«የጻፍከውን ግን አንብቤዋለሁ። ቁጥር አርባ ሰባት ነበርክ። አልቅሼ፣ ቁጥሩ ይጠብቀዋል ብዬ ገጹን ዘጋሁት። አንተ መሆንህን አላወቅኩም ብልህ እውነት ነው። ግን ለማንም ቢሆን እንዲህ አይደረግም።»

«ሞተሩ ሲጠፋ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ያየችብኝ ነገር ምንድን ነው እያልኩ ውስጤን ስፈልግ ነበር። ያን ነገር ባገኘው አልፈራም ብዬ። ምንም አላገኘሁም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፈርቼ ነው የመጣሁት። አሁን ደግሞ ያየችብኝ ነገር የለም ትይኛለሽ።»

«አላየሁም።»

ብርድ ልብሱን ወደ አንገቱ ሳበው። ፊቱን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረ። ቤርሳቤህ ሐይቁ ዳር ቆማ የፈራችው ፍርሃት ከዚህ ዝምታ ጋር ሲተያይ ቀላል ሆኖ ታያት። ውሃው መልሶላታል፤ እሷ ግን በገዛ አፏ ልታጣው ነው። እንዲሄድ ወይም እንዲቀር ልትለምነው አልደፈረችም። እጇን እንኳ መዘርጋት ፈራች።

ፊቱን ሳይመልስ ተናገረ።

«ጠይቂኝ» አላት።

«ምን ልጠይቅህ?»

«ስለሷ። ከጻፍኩት ቀን ጀምሮ እንድትጠይቂኝ ነው የጠበቅኩት። ሰው ቢጠይቀኝ እነግረው ይሆናል ብዬ።»

«ቦንቱ» አለች፣ ስሙን ከአፏ እንዳይሰበር ተጠንቅቃ። «ምን ዓይነት ልጅ ነበረች?»

«ወሬኛ» አለ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ወሬኛ ነበረች። ያን ቀንም ከጀልባው ላይ ዝም በይ እያልኳት ነበር። ለዓሣው ሁሉ ስም ታወጣ ነበር። ዝም በይ አልኳት፣ ቤርሲ። የመጨረሻ ያልኳት ቃል እሱ ነው።»

የድንኳኑ በር ተገለጠ። ቤርሳቤህ ቀና ሳትል፣ ጭቃ የነካቸውን ጥቁር ጫማዎች አይታ አባቷ መሆናቸውን አወቀች። ቆመዋል። አይገቡም፣ አይወጡም። የሚሉትን አታውቅም፤ ማታ ቤት ስትገባ የሚጠብቃትንም አታውቅም። እንደ ልማዷ ብድግ ልትል፣ ከፈይሳ ራቅ ብላ ልትቆም፣ ጉልበቷ ራሱ ተዘጋጅቶ ነበር።

አልተነሣችም። ወደ ፈይሳ ጠጋ ብላ፣ የደረቀውንና የቀዘቀዘውን እጁን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ከዚያስ?» አለችው። «ንገረኝ። ለዓሣዎቹ ምን ምን ብላ ነበር ስም የምታወጣላቸው?»